ዝባዱን ወሰዱ፤ ጥርኙን ማን ይፍታው?

ባለፈው ሰሞን ቦሌ አካባቢ ካሉት የሽቶ መሸጫዎች ወደ አንዱ ጎራ ብዬ ነበር። ልገዛ አይደለም፤ የአንዲቷ ብልቃጥ ዋጋ የእኔን የቤት ኪራይ ይሸፍናል። ሻጯ ልጅ ገዢ አለመሆኔን ከጫማዬ ሳታውቅ አልቀረችም፤ ቢሆንም በትሕትና ከቁራጭ ወረቀት ላይ ነፋ አድርጋ አሸተተችኝና “ይኼ ከእንስሳ የተወሰደ ምንም የለበትም፤ ንጹሕ ነው” አለችኝ። “ድሮስ ምን ነበረበት?” ስል ጠየቅኋት። ትከሻዋን ሰበቀች። “ዝባድ ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?” አልኋት። “የሰው ስም ነው እንዴ?” ብላ ሳቀች።

ከልጅቷ ጋር ጠብ የለኝም፤ የተነገራትን ነገረችኝ። ጠቤ “ንጹሕ” ከምትባለው ቃል ጋር ነው። ይህች ቃል ዛሬ ከሽቶው ብልቃጥ አልፋ በእጅ ቦርሳው፣ በጫማው፣ በቡናው ከረጢት ላይ ሁሉ ተለጥፋለች። “ተፈጥሮን የማይጎዳ”፣ “ግፍ የሌለበት” እየተባለች ዋጋ ታስጨምራለች። አንባቢ ሆይ! እኔ የምለው ይህን ነው፦ ለዘመናት ከአንድ አገር ግፍ ሲገዛ የኖረ ሀብታም ገዢ አንድ ቀን ብድግ ብሎ እጁን ታጥቦ ቢሄድ፣ የጸዳው የእርሱ እጅ እንጂ ግፉ አይደለም። መታጠብ ሌላ፣ መካስ ሌላ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጥርኝ ቀን ተኝቶ ሌሊት የሚወጣ፣ ከድመት ተለቅ ያለ፣ ገላው በጥቁርና በግራጫ የተዥጎረጎረ የዱር እንስሳ ነው። ፍራፍሬም፣ ነፍሳትም፣ አይጥም ይበላል። ከጅራቱ ሥር ካለች ከረጢት የሚወጣው ቅባት ዝባድ ይባላል። ትኩሱ ዝባድ አፍንጫ ያስይዛል። በአልኮል ተበጥብጦ ሲሳሳ ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ የአበባውንና የእንጨቱን መዓዛ ሁሉ ይዞ በሰው ገላ ላይ የሚያቆይ፣ ሙቀት የሚሰጥ ይሆናል። የፓሪስ ሽቶ ቀማሚዎች የወደዱት በዚህ ነው። የገርላን ቤት እ.ኤ.አ. በ1889 ባወጣው ዢኪ፣ በ1925 ባወጣው ሻሊማር ዝባድ ነበረበት። ኧርነስት ቦ በ1921 ለልብስ ሰፊዋ ለጋብርኤል ሻነል በቀመመው ቁጥር 5 ውስጥም ነበረበት። በዓለም ገበያ ላይ ለዋለው ዝባድ ደግሞ ዋነኛዋ ምንጭ ለረጅም ዘመን ኢትዮጵያ ነበረች። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንዲሉ፣ የዝባድ አገር ልጅ ዛሬ ዝባድን የሰው ስም አድርጋዋለች።

ከቦንጋ የወጣው ቀንድ

ቦንጋ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዛሬ የከፋ ዞን ዋና ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም መቀመጫ ናት። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ግን የከፋ መንግሥት ታላቅ ገበያ ነበረች። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1843 ከደረሰባት ጊዜ አስቀድሞም ነጋዴው ያውቃታል። ሲራራ ነጋዴው ከዚያ ተነሥቶ በጅማና በሊሙ በኩል አድርጎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ይገባል፤ በባሶ ገበያ አድርጎ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ምጽዋ ይወርዳል። ዝባዱ በከብት ቀንድ ተጠቅጥቆ፣ አፉ ተደፍኖ ይጫናል። ከቀንዱ ጋር የዝሆን ጥርስ አለ፤ ቡና አለ፤ ባሪያም አለ።

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል እንዝለላት የሚል ካለ እኔ አልዘላትም። የአውሮፓ መኳንንት ጓንታቸውን ያሸተቱበት ዝባድና ከከፋና ከአጎራባቾቿ የተነዳው ሰው በአንድ መንገድ የተጓዙበት ዘመን ነበር። ቀንዱን በወቄት መዝኖ የተቀበለ ነጋዴ ከየት እንደመጣ ያውቅ ነበር፤ ከቀንዱ ጋር ማን እንደተጓዘ ግን አልጠየቀም። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1897 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከፋን ወጉ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሻሮቾ ተማረኩ፤ አገሩም ሕዝቡ አለቀበት። ጦርነቱ ካለፈ በኋላም ንግዱ ቀጠለ። “ከፋ” የሚለው ስም ውሎ አድሮ ጅማንና ሊሙን ለጠቀለለ ጠቅላይ ግዛት ሲሰጥ የዝባዱም ገበያ ወደዚያው ዞረ።

አውሮፓውያንም ቢሆኑ የእንስሳውን ነገር አያውቁም ነበር ማለት አይቻልም። የሮቢንሰን ክሩሶ ደራሲ ዳንኤል ዴፎ በ1692 ከለንደን ዳር ሰባ ያህል ጥርኝ ገዝቶ ዝባድ ሊነግድ ሞክሯል፤ በዚያው ዓመት ከስሮ ከአበዳሪዎቹ ጋር ተካሰሰ እንጂ። ማሰርና መጭመቅን እኛ ብቻ የፈጠርነው የሚመስላቸው ቢኖሩ ይህን ልብ ይበሉ።

በጭሱ ውስጥ

ከዓመታት በፊት ከጅማ ወደ ሊሙ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች አንዲት መንደር እንግዳ ሆኜ ነበር። ጥርኝ ያላቸው ሰዎች ለእንግዳ አያሳዩም፤ ዓይን ይበላዋል፣ ዝባዱ ይነጥፋል ይላሉ። የቤቱ ባለቤት ሽማግሌ ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ስለ ዝናቡና ስለ በቆሎው አጫወቱኝ። በረካው ከተጠጣ በኋላ ተነሥተው “ና” አሉኝ።

ከዋናው ቤት ጀርባ መስኮት የሌላት ጎጆ አለች። በሯ ሲከፈት መጀመሪያ ጭስ ተቀበለን፤ ቀጥሎ ሽታው። መካከል ላይ እሳት ይጤሳል፤ ሙቀቱ ዝባዱን ያበዛዋል ተብሎ ይታመናል። በግድግዳው ዙሪያ ከቅርንጫፍ የታሰሩ፣ እንደ ንብ ቀፎ ረዘም ጠበብ ያሉ ማጎሪያዎች ተደርድረዋል። በየማጎሪያው አንድ አንድ ወንድ ጥርኝ አለ። ፊቱን ወደ አንድ ወገን፣ ጅራቱን ወደ ሌላው አድርጎ ይተኛል እንጂ መዞር አይችልም። ጥበቱ ሆን ተብሎ የተለካ ነው፤ ከዞረ ይነክሳል። በየዘጠኝና በየዐሥር ቀኑ ጅራቱና የኋላ እግሮቹ በበሩ በኩል ይሳባሉ፤ ከረጢቱ ይጨመቃል፤ ዝባዱ በማንኪያ ይጠረጋል። ከዚያ ተመልሶ ይዘጋበታል። ጭሱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ አስለቀሰኝ። ከማጎሪያዎቹ በአንደኛው ውስጥ ያሉት ዓይኖች ግን አላለቀሱም፤ ዝም ብለው ያዩኛል።

“አባቴ፣ አያሳዝንዎትም?” አልኋቸው። ዝም አሉ። ቆየት ብለው “ያሳዝናል። ግብሩስ? የልጅ ደብተሩስ?” አሉኝ። ጥርኝ ሥጋና እንቁላል ይበላል፤ ከቤቱ ልጆች የተሻለ የሚበላበት ቀን እንዳለ አልደበቁኝም። ፈረንጆቹ ዝባድን እንደተዉት ሰምተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የሰሙት ከነጋዴው ነው፤ የሰሙትም ዋጋው በወደቀ ቀን ነው።

እንግዲህ ክሱ እውነት ነው። የእንስሳት ተቆርቋሪ ማኅበራት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው የጥርኝ አያያዛችንን ለዓለም ባሳዩ ጊዜ አልዋሹም። ከዱር ሲያዝ የሚቆስል፣ ማጎሪያውን ሳይለምድ የሚሞት ጥርኝ ብዙ ነው። ይህን የሚክድ ካለ በጎጆዋ ውስጥ አንድ ሌሊት ይደርበት።

የሰባ ዓመት ሕሊና

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንመልከት። የሻነል ቤት ከ1998 ወዲህ የእንስሳውን ዝባድ ትቶ በቤተ ሙከራ በተሠራ ምትክ መተካቱን አስታወቀ። ሌሎቹም ቀድመውም ተከትለውም ወጡ። ዓለም አጨበጨበ። እኔም የጥርኙን ዓይን አስታውሼ ላጨበጭብ እጄን አነሣሁና መለስ አደረግሁት።

ለመሆኑ ምትኩ መቼ ተገኘ? ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለው ኬሚስት የዝባድን መዓዛ የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ምንነት የፈታው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። በ1939 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለትም በዚህ ዓይነቱ ምርምር ነበር። ከ1926 እስከ 1998 ሰባ ሁለት ዓመት ነው። በእነዚህ ሰባ ሁለት ዓመታት ሁሉ ቀንዱ ከኢትዮጵያ ሲወጣ፣ ጎጆዋ ስትጤስ፣ ጥርኙ ሲጨመቅ ነበር። ሕሊና የሚባለው ነገር ብቅ ያለው ምትኩ ረክሶ፣ የተፈጥሮው ዝባድ ከቅቤ ጋር እየተደባለቀ ስሙ ጠፍቶ፣ የፊልም ካሜራውም ጎጆዋ በር ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ አይደለምን?

አንባቢ እንዳይሳሳትብኝ! ምትኩ ክፉ ነው አልልም። ጥርኝን በጭስ ከማጠን ሺህ ጊዜ ይሻላል። የምጠይቀው ሌላ ነው። ይህን ያህል ዘመን የገዛ ሰው ሲሄድ ምን ጥሎ ሄደ? “ማጎሪያውን አስፉ፤ ጭሱን አጥፉ፤ ዋጋውን እኔ እከፍላለሁ” ማለት ይችል ነበር። “ዐሥር ዓመት እሰጣችኋለሁ፤ በዚያ ውስጥ ሌላ መንገድ አብረን እንፈልግ” ማለት ይችል ነበር። የአንዲት ብልቃጥ ትርፍ ለስንት ማጎሪያ ማሻሻያ እንደሚበቃ የሒሳብ ሰው አያስፈልገውም። የሆነው ግን ገዢው ሄደ፤ ዋጋው ወደቀ፤ ንግዱ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ዝባዱ ስሙን መጥራት ወደማያስፈልገው፣ ካሜራም ወደማይከተለው ሌላ ገዢ ዞረ። ጥርኙ ማጎሪያው ውስጥ ቀረ። ቀድሞ ቢያንስ ጌታው ማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር።

ደግሞስ “ከእንስሳ የጸዳ” ማለት ከሁሉ የጸዳ ማለት ነውን? ያንኑ የዝባድ መዓዛ ከዘንባባ ዘይት ከሚገኝ ንጥረ ነገር መሥራት ይቻላል። በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ለዘንባባ ተክል ሲባል ስንት ደን እንደተመነጠረ ዓለም ያውቃል። በብልቃጡ ላይ ግን ከየትና ከምን እንደተሠራ አይጻፍም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እንዲህ ነው፤ ጥያቄው ከመንገዱ ወርዶ ከመለያ ወረቀቱ ላይ ቆመ።

እኛስ?

ጣቴን ወደ ፓሪስ ብቻ ቀስሬ ባበቃ ፍርደ ገምድል ነኝ። ከእኛም መካከል “ባህላችን ነው፤ ፈረንጅ ምን አገባው?” የሚሉ አሉ። በቡና ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ብዙ ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ። አንዳቸውም ግን ጎጆዋ ውስጥ አልገቡም። ወገኖቼ፣ በዚያው በቦንጋ ገበያ ሰውም በልማድ ይሸጥ ነበር። ልማድ ስለነበረ ዛሬ የሚሟገትለት አለን? አንድን ፍጡር ዕድሜውን ሁሉ መዞር በማይችልበት ሥፍራ ማኖር ባህል ሊሆን አይችልም። ባህላችን ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ የጥርኙን ጠባይ፣ የሚወደውን ዱር፣ የሚሄድበትን ዱካ በሚያውቀው የገበሬ ዕውቀት ውስጥ።

መንግሥትስ? በንጉሡም፣ በደርግም፣ ከዚያም ወዲህ ዝባድ በወጪ ንግድ መዝገብ ላይ የውጭ ምንዛሪ የምታመጣ አንዲት መስመር ናት። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቶልን ነበር። አዋጁ በዚያች ጎጆ ደጃፍ ሲያልፍ ግን እኔ አላየሁም። ገበሬውን ከስሶ ማሰር ቀላል ነው፤ ያን ግን አልመክርም። ገበሬው በሰንሰለቱ ላይ ያለ የመጨረሻው ድሃ ነው። ቀንዱን በወቄት ገዝቶ በብልቃጥ ከሸጠው ሰው እኩል ሊጠየቅ አይገባም።

ጥርኙ ራሱ የሚጥለው

ታዲያ ምን ይሁን ትሉኝ ይሆናል። ነቅፎ መሄድ የጋዜጠኛ ልማድ ነውና ከዚያ ልማድ ልራቅ።

ጥርኝ በዱር ሲዘዋወር በዱካው ዳር ባሉ ግንዶችና ቁጥቋጦዎች ላይ ከረጢቱን እያሻሸ ዝባዱን ይቀባል። የግዛቱ ማኅተም ነው። ማንም አላሰረው፤ ማንም አልጨመቀው። በመናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ይህን የጥርኝ ጠባይ የተከታተሉ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ጥርኝ ምልክት የሚያደርግባቸውን ቦታዎች ደጋግሞ እንደሚጎበኝ ተጽፏል። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ዝባዱን ከግንዱ ላይ ሊሰበስብ ይችላል ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ደኑ ቆሞ መገኘቱና ጥርኙ በሕይወት መኖሩ ብቻ ነው።

ይህ ሕልም ነው የሚል ካለ ወደ ቦንጋ ይመለስ። ከፋ የደኑን ፍሬ ደኑን ሳይቆርጡ መሸጥን ሞክራ ያየች አገር ናት። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወዲህ በቦንጋ ዙሪያ ደኑን ለሚኖርበት ሕዝብ በውል የማስረከብ አሠራር ተጀመረ። የከፋ የደን ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ2004 ተመሠረተ። በ2010 ደግሞ ዩኔስኮ ከፋን ከያዩ ጋር በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዘገበ። በዛፍ ጥላ ሥር ራሱ የበቀለው ቡና፣ ማሩ፣ ኮረሪማው፣ ጥምዙ ሁሉ ሕልውናቸው ከደኑ መቆም ጋር የተሳሰረ ነው። ጉድለት የለበትም አልልም። ደላላው ዛሬም አለ፤ ደኑም ዛሬም ይመነጠራል። ለረጅም ዘመን ከማዕድ የተገለሉት፣ ደኑን እንደ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁት የማንጆ ወገኖቻችን ከዚህ ገቢ ድርሻቸው ስንት ነው የሚለውም ጥያቄ አልተዘጋም። መንገዱ ግን ተጀምሯል። ጥርኝ ደግሞ የዚሁ ደን ባለሟል ነው፤ ፍራፍሬ በልቶ ዘሩን በየሚጸዳዳበት ስፍራ እየጣለ ደኑን ይዘራል።

“በዚህ መንገድ የሚገኘው ዝባድ ጥቂት ነው” የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ጥቂትማ ነው! ቅንጦት የሚባለው ዕቃ ዋጋው የሚወደደው ጥቂት በመሆኑ አይደለምን? ብዙና ርካሽ የሚፈልግ ምትኩ አለለት። “ይቀላቀላል፤ ይጭበረበራል” የሚልም ይኖራል። ዝባድ ከቅቤ ጋር የተቀላቀለው ዋጋው በየጊዜው ስለሚወድቅና ገዢው ፊቱን ስለማያሳይ ነው። ለዐሥር ዓመት በውል የታሰረ ገዢ ያለው ሰው ዕቃውን አያበላሽም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ለሦስት ወገን ነው። ለሽቶና ለልብስ ቤቶቹ፦ የቀድሞውን መዝገባችሁን ግለጡ። ከየት፣ ለስንት ዘመን፣ በስንት እንደገዛችሁ ተናገሩ፤ ከዚያ ማጎሪያውን ለማስፈታትና በምትኩ የደኑን መንገድ ለማስጀመር ድርሻችሁን ክፈሉ። ለመንግሥት፦ ጠባቡን ማጎሪያና ጭሱን በጊዜ ገደብ ከልክሉ፤ ገበሬውን ግን ባዶ እጁን አትስደዱት። ለእኛ ለከተሜዎቹ፦ “ንጹሕ ነው” ስንባል “ከመቼ ጀምሮ? ማንስ አጸዳው?” ብለን እንጠይቅ።

ይህ የጥርኝ ታሪክ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ቀለም ባላባከንሁ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባጸደቀው ሕግ ቡና፣ ካካዎ፣ እንጨትና የቀንድ ከብት ውጤት ከ2020 ወዲህ ደን ካልተመነጠረበት መሬት መምጣቱ በመሬቱ መለኪያ ነጥብ ጭምር እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ሕጉ የሚሠራበት ቀን ከአንዴም ሁለቴ ተራዝሟል። ዓላማው ቅዱስ ነው፤ የደንን ነገር ከከፋ ሰው በላይ የሚያውቀው የለም። ነገር ግን ግማሽ ሄክታር የማትሞላ የደን ቡና ያለው የደቻ ወይም የጊምቦ ገበሬ መለኪያውን ከየት ያመጣዋል? ለመለካት የሚወጣውን ገንዘብ ገዢው ካልተካፈለ፣ ቀላሉ ነገር ሌላ ገበሬ ፈልጎ መሄድ ነው። ያኔም መለያ ወረቀቱ ይጸዳል። ደኑን የጠበቀው ሰው ግን ገበያ ያጣል፤ ገበያ ያጣ ደግሞ መጥረቢያውን ያነሣል። በዝባድ ያየነውን በቡና እንዳናየው እፈራለሁ።

ቦንጋ ላይ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ቆሟል። ቡና ከየት እንደተነሣ ለልጆቻችን ይናገራል፤ መልካም ነው። ከጎኑ አንድ የዝባድ ቀንድና አንድ ባዶ ማጎሪያ ቢቀመጥ እወዳለሁ። ማጎሪያው ግን ባዶ መሆን የሚችለው በሊሙ መንገድ ዳር ያለችው ጎጆ ባዶ ከሆነች ብቻ ነው።

ያችን ሻጭ ልጅ ደግሜ ባገኛት የምነግራት ይህንን ነው። እኅቴ፣ ዝባድ የሰው ስም አይደለም። ቢሆንም የሰው ዕዳ ነው። ንጹሕ የሚባለውም ታጥቦ የሄደው ሳይሆን ተመልሶ ያሰረውን የፈታው ነው።